ምላጭ ያልነካው ስም፦ የወይዘሮ ኢኒድ ሃክስቢ የሕይወት ታሪክ

«ምላጩስ?»

«ጠፍቷል።»

«ትናንትም ጠፍቷል ብለሽኝ ነበር።»

«የጠፋ ነገር እንደዚያ ነው ሚስተር ፒክ፤ ትናንትም የለም፣ ዛሬም የለም።»

ይህን የወይዘሮ ኢኒድንና የአለቃቸውን የሚስተር ፒክን ንግግር ከመሥሪያ ቤቱ የሳንቃ ግድግዳ ማዶ የሰሙት፣ በኋላ ባለቤታቸው የሆኑት ሚስተር አርተር ሃክስቢ ነበሩ። ቀኑ ሰኞ ይሁን ማክሰኞ፣ ዓመቱም እ.ኤ.አ. 1962 ይሁን 63 እርግጠኛ ሳይሆኑ በየገናው ማዕድ ይተርኩት ነበር። ሲጨርሱም «እኔ ያገባኋት ያን ዕለት ነው፤ ቤተ ክርስቲያን የሄድነው ለወጉ ነው» ይሉ ነበር።

ወይዘሮ ኢኒድ ከአባታቸው ከትራም ትኬት ቆራጩ ከሚስተር ዋልተር ጌጅና ከእናታቸው ከወይዘሮ አይቪ እ.ኤ.አ. ማርች 9 ቀን 1935 በክሮይደን ተወለዱ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ከቦምብ እንዲያመልጡ ከትምህርት ቤታቸው ልጆች ጋር ወደ ዴቨን ገጠር ተልከው ሁለት ዓመት ሰው ቤት ኖረዋል። እንደ ሌሎቹ ልጆች ሁሉ አንገታቸው ላይ በክር የታሰረች የስም ካርድ ነበረቻቸው። የተቀበለቻቸው ሴት ካርዷን በመቀስ ቆርጣ ምድጃ ውስጥ ብትጥልባቸው፣ ሌላ ካልተጻፈልኝ ራት አልበላም አሉ። በማግስቱ ተጻፈላቸው።

በአሥራ አምስት ዓመታቸው ትምህርት አቋርጠው ጫማ መደብር ተቀጠሩ። ሥዕልን በራሳቸው ተማሩ። በ1956 የልጆች ሳምንታዊ የሥዕል መጽሔቶችን በሚያዘጋጅ አንድ የለንደን አሳታሚ ቤት ገቡ። ሥራቸው ወደ ማተሚያ የሚሄደውን ገጽ ማጽዳት ነበር፤ የፈሰሰ ቀለም መሸፈን፣ የጎበጠ መስመር ማቃናት፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ የሠዓሊውን ስም ከገጹ ጥግ ማጥፋት። ስሙ የታወቀ ሠዓሊ ክፍያ ይጨመርልኝ ይላል፣ ሌላ ቤትም ይወስደዋል ተብሎ ይፈራ ነበርና የቤቱ ትእዛዝ ስም ሁሉ በምላጭ እንዲፋቅ ነበር። በምላጭ የተፋቀ ስም ደግሞ ከነወረቀቱ ይሄዳል። ወይዘሮ ኢኒድ በምላጩ ፈንታ በውኃ የሚለቅ ነጭ ቀለም ቀቡበት። እንዲህ እያደረጉ አሥራ ስምንት ዓመት ሠሩ።

ከቤቱ መጽሔቶች አንዱ፣ በጀግናው ስም የተጠራው «የጭጋግ ዘብ»፣ የሚወጣው ሐሙስ ሐሙስ ነበር። ዛሬ ጸጉራቸው የሸበተ ሁሉ ያስታውሱታል፤ ጋዜጣ ሻጩ በየቤቱ ለማደል ጥጉ ላይ የቤት ቁጥር በእርሳስ የጻፈበት፣ ቀለሙ ጣት ላይ የሚቀር፣ ሽታው ከእጅ የማይለቅ ርካሽ ወረቀት። ጀግናው ካባውን ዘርግቶ ከጋዝ ማጠራቀሚያው ጫፍ ሲወረወር ታሪኩ ይቋረጣል፤ ልጆችም ሳምንቱን ሙሉ ሞተ አልሞተም ሲሟገቱ ይከርማሉ። እናቶች ቆሻሻ ነው ብለው እሳት ለኮሱበት፤ መምህራንም ቀደዱት። ወይዘሮ ኢኒድ ግን እስከ መጨረሻው «ስንቱን ሰነፍ ማንበብ ያስተማረ ነው፤ ይቅርታ የምጠይቅበት ነገር የለም» ይሉ ነበር። ያን ጀግና አሥራ አንድ ዓመት ያለማቋረጥ የሣሉት ሚስተር ሌስሊ ኮብ ናቸው። ስማቸው አንድ ቀን እንኳ አልታተመም።

ወይዘሮ ኢኒድ በ1964 ሚስተር አርተርን አግብተው በ1968 ልጃቸውን ጂሊያንን ወለዱ።

በ1974 መጽሔቱ ሽፋን ላይ «ለአንባቢዎቻችን ታላቅ የምሥራች» ተብሎ ታተመ። የዚያ ዘመን ልጅ ሁሉ ትርጉሙን ያውቃል፤ መጽሔቱ ሞቷል፣ ከሌላ ጋር ሊዳበል ነው። የጭጋግ ዘብም ከድልድይ እንደተንጠለጠለ ቀረ። የሚስተር ኮብ ገጾች ውኃ የገባበት የምድር ቤት ወለል ላይ ሊነጠፉ መሆኑን የሰሙት ባልና ሚስት የጂሊያንን አሮጌ የሕፃን ጋሪ ይዘው ወደ አሳታሚው ቤት ገቡ። ሦስት ጊዜ ተመላለሱ። በሦስተኛው በረኛው አስቁሞ «እመቤቴ፣ ስንት ነው የወለዱት?» ቢላቸው «አራት መቶ አሥራ ሁለት» ብለውት አለፉ። ገጾቹ ከዚያ ቀን ጀምሮ በአልጋቸው ሥር ኖረዋል።

ሚስተር አርተር በ2003 አረፉ። በ2021 የጭጋግ ዘብ ታሪኮች በአንድ ጥራዝ ዳግም ታተሙ፤ የመጀመሪያው ገጽ ላይ «ሠዓሊው አይታወቅም» ይላል። ወይዘሮ ኢኒድ «አይታወቅም ማለት ምን ማለት ነው? እኔ አውቀው የለም እንዴ? ሻይ በአራት ስኳር ነበር የሚጠጣው» አሉ። አዲሱ አሳታሚ ግን ስሙን የማስገባው በጊዜው ኃላፊ የነበረ ሰው ከመሰከረ ነው አላቸው። በሕይወት ያሉት ኃላፊ ዎርዚንግ ከተማ የሚኖሩት ሚስተር ሮላንድ ፒክ ብቻ ነበሩ። ወይዘሮ ኢኒድ አሥራ አንድ ደብዳቤ ጻፉላቸው። አሥራ አንዱም መልስ አንድ ነበር፤ ሕግ ሕግ ነው።

ባለፈው ኦክቶበር የልብ ድካም አልጋ ላይ ሲጥላቸው ሚስተር ፒክ ሊሰናበቱ መጡ። ወይዘሮ ኢኒድ አንድ ገጽና እርጥብ ጥጥ የምግብ ትሪያቸው ላይ አስቀምጠው ጠበቋቸው።

«ሮላንድ፣ መነጽርህን አድርግ።»

«ስልሳ ዓመት አለፈው እኮ ኢኒድ። ማንን ይጠቅማል?»

«ሰውየውን።»

«ሰውየው ሞቷል።»

«እኔም እየሞትኩ ነው። ስሜን ልትፍቀው ነው?»

ወይዘሮ ኢኒድ ጥጡን የገጹ ጥግ ላይ አሳረፉት። ነጩ ቀለም ለቀቀ፤ ሌስሊ ኮብ የሚለው ጽሑፍ ትናንት የተጻፈ መስሎ ወጣ። ሚስተር ፒክ «ምላጩ ጠፍቷል ብለሽኝ ነበር» አሉ።

«ጠረጴዛዬ ውስጥ ነበር።»

ሚስተር ፒክ ቃል ሳይሰጡ ባርኔጣቸውን አንሥተው ሄዱ።

ወይዘሮ ኢኒድ እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 14 ቀን 2023 ጠዋት፣ በተወለዱ በ88 ዓመታቸው፣ ልጃቸው እጃቸውን እንደያዘች አረፉ። ልጃቸውን ጂሊያንን እና የልጅ ልጆቻቸውን ኦወንንና ፊቢን ትተው ሄደዋል። ሰውን ሁሉ በስሙ የሚጠራ፣ አንዱንም ስም የማይፍቅ አምላክ ነፍሳቸውን በስማቸው ጠርቶ ይቀበልልን።

ሚስተር ፒክ ባለፈው ሐሙስ ለጂሊያን ደውለዋል። ዛሬ ከቀብር በኋላ በቤተ ክርስቲያኑ አዳራሽ አንድ ጠረጴዛ፣ ጎድጓዳ ሳህን ውኃና ጥጥ ከተዘጋጀላቸው የምስክርነቱን ደብዳቤ በሁላችን ፊት ሊፈርሙ፣ የቀሩትንም አራት መቶ አሥራ አንድ ገጾች በገዛ እጃቸው ማጠብ ሊጀምሩ ተስማምተዋል።