ባክቴሪያ ስመግብ የቀረሁበት ቀብር

እታለም፣ እንደምን ሰነበትሽ? ጉልበትሽስ፣ ደረጃ ስትወጪ የሚያስቸግርሽ? እማዬስ እህል መቅመስ ጀመረች? ልጆቹስ ደኅና ናቸው? እኔ ቆሜ እሄዳለሁ፤ ውስጤን ግን አትጠይቂኝ።

አባባ ያረፈ ጊዜ «መንገድ ተዘግቶ መኪና አጣሁ» ያልኩሽ ውሸት ነው። መንገዱ ክፍት ነበር። አለቃዬም «ሂጂ እንጂ፣ አባት ነው» ብሎኛል። የቀረሁት በራሴ ነው። ልንገርሽና ፍረጂኝ።

የምንሠራው ከአንድ አሮጌ የነዳጅ ማከማቻ ሥር ነው። ታንከሩ ለዓመታት ሲያፈስ ኖሮ፣ ነዳጁ በአለቱ ስንጥቅ ከከርሰ ምድር ውሃ ጋር እየወረደ ከታች ያለው ሰፈር ጉድጓድ ገብቷል። በሲሚንቶ እንድፈነው ቢባል ቀጭኑ ስንጥቅ ጋ አይደርስም። ስለዚህ አለቱ ውስጥ ያሉትን ባክቴሪያዎች ሞላሰስ፣ ያን የስኳር ፋብሪካ ጥቁር ዝቃጭ፣ በጥብጠን በቧንቧ እንመግባቸዋለን። ሲጠግቡ ይራባሉ፤ ወንዝ ውስጥ ድንጋይ ላይ እንደምታዪው ዓይነት የሚያንሸራትት ዝልግልግ ነገር ይሠራሉ። እሱ ስንጥቁን ይሞላና ውሃውን ወደምናጣራበት ጉድጓድ ይመልሰዋል። ቆፋሪያችን «የባክቴሪያ ሞግዚት» እያለ ይቀልድብኛል። ችግሩ፣ ሳይጠነክር ምግቡ ከተቋረጠበት ውሃው ጠርጎት ይሄዳል።

የደወልሽልኝ ዕለት ስንጥቁ ሊደፈን ጥቂት ቀን ቀርቶት ነበር። የምግቡን ልክ የሚያውቀው ሌላው ሰው፣ ኬሚስቱ፣ እግሩ ተሰብሮ ሆስፒታል ተኝቷል። ሻንጣዬን ይዤ በር ላይ ቆምኩ። ያን ጠዋት የሰፈሩ አዋላጅ አንድ ጀሪካን ውሃ ይዛ መጥታ «አራስ የማጥበው በዚህ ነው» ብላ አስሽትታኝ ነበር። ጋዝ ጋዝ ይላል። ሻንጣውን መልሼ አስቀመጥኩት። አባባ በሚቀበርበት ሰዓት ሞላሰስ እየበጠበጥኩ ነበር፤ እጄ እስከ ክርኔ ተለውሶ እንባዬን እንኳ መጥረግ አልቻልኩም።

በዘጠነኛው ቀን ወደ ሰፈሩ የሚወርደው ፍሰት ቀነሰ። በሁለተኛው ወር የጉድጓዱ ውሃ ተመርምሮ ነዳጅ አልተገኘበትም። ሰው ሲተቃቀፍ እኔ ከፓምፑ ቤት ጀርባ ገብቼ እንደ ሕፃን አለቀስኩ። ዛሬም ቢሆን እዚያው እቀር ነበር፣ እታለም። ግን አባቴ አፈር ሲለብስ አላየሁም፤ ይህን ምንም አይክሰኝም።

እውነቱን ለእማዬ አንቺ ንገሪያት፤ ድምፅዋን እየሰማሁ አልችልም። ብትቆጣም ትቆጣኝ፣ ብቻ ዝም አትበለኝ። ባለቤትሽን ሰላም በይልኝ። ትልቋን ልጅሽንና ያን አፈ ጮሌ ታናሿን ሳሚልኝ። ጎረቤታችን ልብስ ሰፊው በእኔ ቦታ ሬሳውን መሸከሙን ነግረሽኛል፤ ስለ እኔ ትከሻውን ሳሚልኝ።

ታናሽሽ
ከፓምፑ ቤት አጠገብ ካለችው ክፍሌ
ኅዳር ፲፬ ቀን