የሄለን የመመረቂያ ማስታወቂያ

ቅዳሜ

ለማንም አልተናገርኩትም። ልጄ እንድትወድቅ ተስያለሁ።

ሌላ እናት ልጇ እንድታልፍ ትሳላለች። እኔ ዛሬ ቤተ ክርስቲያን ቆሜ፣ «እመቤቴ፣ ሄለን ከወደቀችልኝ ጃንጥላ አስገባልሻለሁ» አልኩ። ስወጣ ጎረቤቴ አስካለ በሩ ላይ ያዘችኝ። «ለሄለንዬ ጸለይሽላት?» አዎ አልኳት። አልዋሸሁም።

ሄለን ኮሌጅ የማስታወቂያ ሥራ ስትማር ይሄ የመጨረሻ ዓመቷ ነው። ለመመረቂያ እያንዳንዱ ተማሪ ለእውነተኛ ድርጅት ማስታወቂያ ይሠራል። ኡስታዙ፣ መምህሯ፣ ያርማል፣ ድርጅቱ ያያል፣ ከወደደው ይቀጥራል። የሷ ድርጅት እዚሁ ካርቱም፣ ካርቱም ሁለት በሚሉት ሰፈር ያለ ቢሮ ነው። ከአገራችን ሴት ልጆች እያስመጣ በየሰዉ ቤት ለሠራተኝነት ያስገባል። ማስታወቂያው እነሱን መጥሪያ ነው።

ካለፈች እዚያ ትገባለች። ስለዚህ ትውደቅ።

እሑድ

ጸጉሯን ስሠራላት፣ ይሄን የተማረ ሰው ምን እንደሚሆን ጠየቅኋት። ዓመታት ሳስተምራት ጠይቄያት አላውቅም። እናቴ ለማለት «ያማ» ትለኛለች፣ በዐረብኛ።

«አንዱ ይጽፋል ያማ፣ አንዱ ይስላል። አንዱ ከሬዲዮና ከጋዜጣ ቦታ ይገዛል። አንዱ ደንበኛ ይይዛል፣ ሲቆጣ ያባብላል። አንዱ ደግሞ ሰው ምን እንደሚፈልግና ምን እንደሚፈራ ያጠናል።»

«የሚፈራውን ደግሞ ለምን?»

«እሱን ካላወቅሽ እንዴት ትጠሪዋለሽ?»

ኡስታዙ ነው እንዲህ ያስተማራት። አልወደድኩትም። ግን ልክ ነው።

ትችልበታለች። አምና ሱቅ ዐረቢ ገበያ ውስጥ ጭማቂ ለምትሸጥ ሴት ሰሌዳ ሠራችላት። ግማሽ ሎሚ ብቻ ነው የሳለችው፣ ሌላ ምንም የለውም። ያንን ሎሚ ሳየው ምራቄን ዋጥኩ። ሴትየዋ እስከ ዛሬ ባየችን ቁጥር ሳታጠጣን አታሳልፈንም።

የክፍሏ ልጆች ቦታ ቦታቸውን ይዘዋል። አንዷ ስልክ ድርጅት፣ አንዱ ባንክ፣ አንዱ ዱባይ አጎቱ ጋ። ሄለን ከሁሉም ትበልጥ ነበር፤ ራሳቸውም ይሉታል። ስልክ ድርጅቱ ወረቀቷን አይቶ «አጅነቢያ» አላት፣ የውጭ ሰው። እዚህ ተወልዳ፣ እዚህ ተምራ፣ ሲከፋት እኔን በዐረብኛ የምትቆጣ ልጅ። «ማዓሌሽ»፣ ይቅርታ፣ ብለው ሸኟት። እሺ ያላት ያ ቢሮ ብቻ ነው። የፈለጉት አማርኛዋን ነው። አማርኛዋ ደግሞ ከገበያ አያልፍም።

ሰኞ

ከሥራ ስገባ ወረቀት ይዛ ጠበቀችኝ። «ያማ፣ ይሄን አማርኛ አርጊልኝ፣ ያላ፣ ቶሎ በይ። ሙዲሩ አማርኛሽ የሕፃን ነው አለኝ።» ሙዲሩ የቢሮው ኃላፊ ነው።

አነበበችልኝ። ወርቃማ ዕድል፣ ደግ ቤተሰብ፣ ብሩህ ነገ። ያንን አልተረጉምም፣ ራሴ እጽፈዋለሁ አልኳት። አንገቴን አቅፋ ሳመችኝ። ለምን እንዳልኩ አላወቀችም።

ዛሬ ሌላም መጻፍ አለብኝ። ሄለን ሕፃን ሳለች በጀርባዬ አዝዬ ሰው ቤት እሠራ ነበር። ነፍሱን ይማረውና ባሌ የጭነት መኪና ረዳት ስለነበር መንገድ ላይ ነው የሚኖረው። ያኔ ፊደል አላውቅም። ማንበብ የተማርኩት እሱ ከሞተ በኋላ ነው፣ ብቻዬን፣ ዳዊቱ ላይ ጣቴን እያስኬድኩ። ስለዚህ ለታናሽ እህቴ ለወርቄ ድምፄን በካሴት ቀድቼ ላክሁ። ሁሉም ሰው ያኔ በካሴት ነበር የሚላላከው።

ቤቱ ውስጥ ቀዝቃዛ ውኃ እንደማይጠፋ ነገርኳት። ሥጋ በየቀኑ እንደሚሠራ። እመቤቲቱ ሽቶ እንደሰጠችኝ። ሁሉም እውነት ነው። ዕቃ ቤት ወለል ላይ እንደምተኛ፣ ወረቀቴን እንደቆለፉብኝ፣ በስሜ የሚጠራኝ ሰው እንደሌለ ግን ተውኩት። እናቴ ትሰማዋለች ብዬ።

ወርቄ ጡት የምትጠባ ልጇን ማንጠግቦሽን ለእናታችን ትታ ተነሳች። ደላላ የጫናት መኪና ድንበሩን አልፎ ገዳሪፍ ሳይደርስ ተገለበጠ። ወርቄ አልተረፈችም። አገር ቤት ከባሏ ተጣልታ ነው የሄደችው ይላሉ። እኔም እንዲያ ሲሉ ዝም አልኩ።

ማክሰኞ

ጻፍኩት። እንዲሞት አድርጌ ነው የጻፍኩት። አንዲት ልጅ እንኳ ከመቀመጫዋ እንዳትነሳ፦

«ጠዋት በጨለማ ትነሻለሽ። ወለል ታጥቢያለሽ፣ ልብስ ትተኩሻለሽ። ሥራ አለ። ሥራው አያልቅም። ጥሩ ሰው ያጋጥምሻል፣ መጥፎም ያጋጥምሻል፣ መርጠሽ አትገቢም። ወረቀትሽን ይይዙብሻል። ዓርብ ዕረፍት ነው ይሉሻል፣ እንግዳ ከመጣ ግን ዕረፍት የለም። ለእናትሽ ትልኪያለሽ። እናትሽን አታዪያትም።»

ሄለን ፊደል በፊደል ሞከረችና ደከማት። «አንቺ አንብቢልኝ፣ ልቅዳው» ብላ ስልኳን አፌ አጠገብ ያዘች። የውኃ ቆጣሪ እንደሚያነብ ሰው አነበብኩላት፣ ድምፄን ሳላነሳ፣ ሳልጥል።

«አያሳዝንም?» አለች። «እውነቱ ነው» አልኳት። ትንሽ አሰበች። «ኡስታዙ እውነት ይወዳል።»

ወደቀችልኝ አልኩ በልቤ። ራቴን በደንብ በላሁ።

ሐሙስ

እልል እያለች ገባች። አለፈች! ከክፍሉ አንደኛ።

ሙዲሩ ቃሉን አስተርጉሞ፣ ድምፁን ደግሞ እንደገና አሰሙኝ እያለ ደጋግሞ ሲሰማ ቆየ። ከዚያ እንዲህ አለ አለችኝ፦ «ሌሎቹ ሁሉ ጀነት ነው ይላሉ። ይቺን ግን ያምኗታል። ማን ናት?»

«እናቴ ናት አልኩት» አለችኝ።

«ከእሑድ ጀምሮ ገብቻለሁ ያማ! የራሴ ጠረጴዛ አለኝ!»

እልል አልኩላት። ያም እልልታ የውሸት አልነበረም፤ ይሄ ነው የሚያሳፍረኝ። ጠረጴዛ ያላት ልጅ። አባቷ ቢያይ።

ቆይቼ፣ «እንዳለ ነው የሚያወጡት?» አልኳት።

«ረዝሟል ብለዋል። ትንሽ ያሳጥሩታል።»

ሰኞ

አስካለ ስልኳን ይዛ ገባች። «አንቺ! አርቲስት ሆነሽ ዝም ትያለሽ? ጀብራ ሰፈር ያለ ሀበሻ ሁሉ ዋትሳፕ ላይ አንቺን እየተላላከ ነው!»

ማስታወቂያውን ከፈተችልኝ። ከኋላ ክራር ገብቶበታል።

«ጠዋት ትነሻለሽ። ሥራ አለ። ጥሩ ሰው ያጋጥምሻል። ዓርብ ዕረፍት ነው። ለእናትሽ ትልኪያለሽ።»

የእኔ ድምፅ ነው። አንድም ቃል አልጨመሩበትም። አውጥተው ጣሉ እንጂ። አስካለ «እንዴት ልብ ይነካል» ትላለች። ክራሩ ነው የነካት።

ረቡዕ

የፈራሁት መጣ። ማንጠግቦሽ ከአገር ቤት ደወለች።

«አክስቴ! ገና ‹ጠዋት› ስትይ ነው ያወቅሁሽ! እማማ በልቅሶ ልትሞት ነበር፣ ልጄ ናት እያለች።»

ተቆርጦ ነው አልኳት። እንዳትመጪ አልኳት።

«ጉድ እኮ ነው! የሰው ልጅ ትጠሪያለሽ፣ የእህትሽን ልጅ ትከለክያለሽ?»

«ማንጤ፣ ትምህርትሽን ጨርሺ።»

«የጨረሱት ምን ሆኑ? ከነዲፕሎማቸው ግድግዳ ተደግፈው ነው የሚውሉት። ተዪኝ ባክሽ። እናንተ ሁላችሁም አንድ ናችሁ፤ ራሳችሁ ከገባችሁ በኋላ በሩን ትዘጋላችሁ።»

ከደላላው ጋር ተነጋግራለች። ከፋሲካ በኋላ ይነሳሉ። በመተማ በኩል ነው። የእናቷ መንገድ።

ስለ እናቷ ልነግራት አፌን ከፈትኩ። መስመሩ ተቆረጠ። ይቆረጥ አይቆረጥ እንጃ፤ እኔው ጣቴ ነክቶት ሊሆን ይችላል።

ሐሙስ

ለሄለን ሁሉንም ነገርኳት። መጀመሪያ ጮኸች።

«ምን ልሁን ታዲያ? ማን ሌላ ወሰደኝ? እኔ የላክሁት ሙሉውን ነው። እነሱ ናቸው የቆረጡት!»

«አውቃለሁ» አልኳት። «እኔም ያኔ ቆርጬ ነው የላክሁት።»

የወርቄን ነገር እስከ መጨረሻው አዳመጠች።

ከዚያ ስልኳን አወጣችና ያልተቆረጠውን ለማንጠግቦሽ ላከችላት። ጎበዝ ልጅ፣ እኔ አላሰብኩትም። ቁጭ ብለን ጠበቅን። መልሱ መጣ፦ «ይሄኛውን ለእኔ ብላችሁ ነው የሠራችሁት? ሃሃ። ቢሮው ያወጣው ይሻለኛል።»

ድምፄ እንዲህ ሆነ። የውሸቱን አመነች፣ በእውነቱ ሳቀች።

እሑድ

ሄለን ሙዲሩን ማስታወቂያው ይውረድ ብላ ለመነችው። ሳቀባት። «ስልኩ ቀኑን ሙሉ ይጮኻል፣ አንቺ አውርድ ትይኛለሽ? እናትሽን ሌላ እንድታነብልን ጠይቂያት።»

«ምን አልሽው?»

«ዓይነ ውኃውን አየሁና ወደ ጠረጴዛዬ ተመለስኩ።»

ሥራውን አልተወችም። ሌላ እስካገኝ አለች። ሌላ ማን እንደሚሰጣት እንጃ። ለሱቅ ሰሌዳ ልሳል፣ ለጭማቂ ቤት፣ ለልብስ ሰፊ፣ እያለች ስታስብ አመሸች። እግዚአብሔር ይርዳት። ነገ ግን ጠዋት ተነስታ እዚያ ቢሮ ትገባለች፤ ልብሷን የተኮስኩላት እኔ ነኝ።

ሰኞ

አስካለ ነገረችኝ። ከቤተ ክርስቲያናችን አቶ ደምሴ ነገ በመተማ አድርጎ ጎንደር ይሄዳል፣ ዕቃ ሊያመጣ። ጨዋ ሰው ነው፣ የሰው አደራ አይከፍትም። አገር ቤት ሰፈራችን ድረስ ወርጄ እሰጣለሁ ብሏል፣ ኢንሻላህ።

ለማንጠግቦሽ ደብዳቤ ልጽፍ ሞከርኩ። ሁለት ጊዜ ጀመርኩት። ሁለቱንም ጊዜ እጄ ራሱ እያሳመረ ሄደ። «ውድ ልጄ» እያለ፣ ወርቄን እየዘለለ። ቀደድኩት።

ስለዚህ ይሄንኑ ማስታወሻዬን እልካለሁ፣ ከቅዳሜ ጀምሮ እንዳለ። ልጄ እንድትወድቅ መሳሌም ይሂድ። እልልታዬም ይሂድ። የሚቆርጠው ሰው የለም።

ስታነበው ትጠላኝ ይሆናል። እናቴም ትሰማለች፤ በዚህ ዕድሜዋ። የአቶ ደምሴ መኪና ከደላላው ቀድሞ ይድረስ አይድረስም አላውቅም። ትጥላኝ። ብቻ ትቅር።

ከላይ እንዲህ ጽፌበታለሁ፦ ለማንጠግቦሽ፣ ለወርቄ ልጅ፣ በእጇ።