አልጋሽ ላይ የተከፈተው ቢሮ

አሶሳ፣ ሰኔ 12 ቀን 1988 ዓ.ም.

ለምወድሽ እናቴ፤

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናሽን እጠይቃለሁ። ጉልበትሽ እንዴት ሆነ? ዓይንሽስ? ይህን የሚያነቡልሽ እትዬ አሰለፈች መሆናቸውን ስለማውቅ ለእሳቸውም ሰላምታዬ ይድረስ፤ ሲያነቡ ግን የተቆጣሁበትን ቦታ እንዳያለዝቡብኝ። እኔ ከንዴቴ በቀር ደህና ነኝ።

እማዬ፣ በመጋቢት ወር፣ ድልድይ ተሰብሯልና ትንሽ ቆይተሽ ነይ ብዬ የጻፍኩልሽ ውሸት ነው። የተሰበረ ድልድይ የለም። አንቺ የቡሬ ቤትሽን ለቀሽ፣ ዕቃሽን ጠቅልለሽ፣ በእትዬ አሰለፈች ጓዳ ተጠግተሽ ስትጠብቂኝ፣ እኔ ላንቺ ብዬ በተከራየሁት ክፍል የመንግሥት ጉዳይ አስፈጽም ነበር። ይቅር በይኝ። አሁን እውነቱን ስሚ።

ክልሉ አዲስ ነው፤ የትምህርት ቢሯችንም አዲስ ነው፤ ሕንጻ ግን የለውም። በጥቅምት ኃላፊያችን አቶ ቢሻው ጠሩኝና፣ ሕንጻው እስኪያልቅ እንቻቻል፣ አንቺ ሁለት ክፍል አለሽ፣ ቤትሽ ሆነሽ ጻፊ አሉኝ። ለጊዜው ነው አሉ። የጽሕፈት መኪናው፣ ማህተሙ፣ ፋይሉ በጋሪ ተጭኖ መጣ። ላንቺ ያሠራሁት የሽመል ቀርከሃ አልጋ የፋይል መደርደሪያና የባለጉዳይ መቀመጫ ሆነ። ያን ቀን እምቢ ማለት ነበረብኝ። ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ!

መሥሪያ ቤት ቢሆን ባለጉዳይን ነገ ተመለስ ይሉታል። ቤት የመጣን ሰው ግን እንዴት አድርጌ? ያሳደግሽኝ አንቺ አይደለሽ? ከሸርቆሌ፣ ከባምባሲ አቧራ ለብሶ የመጣን መምህር ውኃ ሳልሰጠው፣ ካለኝ ሳላቀምሰው ልሸኘው? በጀሪካን የምገዛው ውኃ ከምሳ በፊት ያልቃል። ከሰሉም የእኔ፣ ላምባውም የእኔ። ላምባው እንኳ ይታሰብልኝ ብዬ ባመለክት አቶ ቢሻው ሳቁብኝ። የገዛ ቤትሽን ብታበሪ ለማን ነው አሉኝ። ጭራሽ ከቤትሽ ሳትወጪ ደመወዝ ትበያለሽ፣ ምን ጎደለሽ አሉኝ! ደሜ ፈላ፤ ግን ላምባውን ከኪሴ ገዛሁ።

ባለፈው ማክሰኞ ኻሚስ የሚባሉ የመንጌ ወረዳ ሽማግሌ አህያቸውን እየነዱ መጡ። የልጃቸውን የቅጥር ደብዳቤ ሊወስዱ ነው። ሌላው ሁሉ ዘው ብሎ አልጋሽ ላይ ሲቀመጥ፣ እሳቸው ደጅ ቆመው የቤቱን ባለቤት ጥሪልኝ አሉ። እኔ ነኝ አልኳቸው። ቢሮውስ የት ነው አሉኝ። ይኸው አልኩ። ገብተው ዙሪያውን ቃኙና አልጋው የማን እንደሆነ ጠየቁኝ። የእናቴ ነው ልላቸው ስል አለቀስኩ። ስምንት ወር ሙሉ ይህን የጠየቀኝ ሰው አልነበረም።

ዕንባዬን ጠርጌ ደብዳቤያቸውን ጻፍኩ፤ ማህተም አድርጌ ሰጠኋቸው። ከዚያ አህያዎትን ያውሱኝ አልኳቸው። የጽሕፈት መኪናውንም ፋይሉንም ጭነን እስከ አቶ ቢሻው ቤት ነዳነው። ሳሎናቸው ውስጥ፣ አዲሱ ሶፋ ላይ፣ አንድ በአንድ ደረደርኩላቸው። ሚስትየዋ ከጓዳ ወጥታ፣ አብደሻል እንዴ፣ ይሄ እኮ የሰው ቤት ነው ብላ ጮኸች። ሽማግሌው ደጅ ሆነው፣ የእሷም ቤት የሰው ቤት ነው አሉ። እኔ ምን ልጨምር? ሽማግሌውንም አህያውንም አመስግኜ ወደ ቤቴ ተመለስኩ።

በማግስቱ ጠዋት አቶ ቢሻው ራሳቸው መጡ። የተናገሩትን እዚህ አልጽፈውም፤ እትዬ አሰለፈች ጮክ ብለው የሚያነቡት አይደለም። ቦርሳዬ ውስጥ የቀረውን ማህተም ተቀብለውኝ፣ አንድ ወረቀት አስፈርመውኝ ሄዱ። ደመወዜም በዚያው ቀረ።

እማዬ፣ ክፍልሽ ባዶ ነው። ጠርጌዋለሁ፤ አልጋሽንም በሙቅ ውኃ አጥቤ ፀሐይ ላይ አውጥቼዋለሁ። ዝናቡ ሳይከብድ ነይ። ከቻልሽ ትንሽ ጤፍና በርበሬ ይዘሽ ነይ፤ ሽሮም ካለ አትተይው፤ እዚህ ሁሉም ነገር ተወዷል። አንቺ ሥራ ስትውዪ እኔ በማላውቀው አገር ቀኑን ብቻዬን እንዴት እገፋዋለሁ ብለሽኝ ነበር። እሱን አታስቢ። ቀን ቀንም ቤት ነኝ።

እመቤቴ መንገድሽን ታቅናልኝ፤ በደህና መጥተሽ ጉልበትሽን ለመሳም ታብቃኝ።

ያስጠበቀችሽ ልጅሽ