የመዳፍ ላብ የሚናገረውና የማይናገረው

ሐሙስ ሐምሌ 10 ቀን 1972 ዓ.ም.፣ አሰብ። ሙቀቱ በጥላ ሥር አርባ ሦስት ዲግሪ፤ ነፋሱ ከበረሃ በኩል፣ አሸዋ ያዘለ። የተገኙት፦ የመጋዘኑ የንቃት ኮሚቴ ሊቀ መንበር ጓድ ንጋቱ፤ የኮሚቴው አባል ጓድ ዓለሙ፤ በየተራ የተጠሩ አሥራ ዘጠኝ ሠራተኞች፤ ቃለ ጉባኤ ያዥ እቴናት ብዙነህ።

ለተከበሩ ጓድ ንጋቱ፤

ደብዳቤ እንዲህ ተብሎ እንደማይጀመር አላጣሁትም። ነገር ግን የኮሚቴውን ቃለ ጉባኤ ለአራት ዓመታት ስጽፍ ስለኖርሁ፣ እጄ ቀኑን፣ አየሩንና የተገኙትን ሰዎች ሳይመዘግብ ወደ ሌላ ነገር መሻገር እምቢ ይለኛል። ይህን የምጽፍልዎ በማግስቱ፣ ዓርብ ከሰዓት በኋላ ነው። ጤናዎ እንደ ምን ሰንብቷል? በዚህ ወበቅ የሰው ልብ መመርመር ምን ያህል እንደሚያደክም በዓይኔ ስላየሁ፣ እንቅልፍዎ የተሟላ፣ ምግብዎ የሚስማማዎ እንዲሆን ከልብ እመኛለሁ። እኛ ሁላችን ደኅና ነን፤ ከአሥራት በቀር።

አሥራት ባለቤቴ መሆኑን ያውቃሉ፤ ይህን ይህ ሂስ ሲለጠፍ በግድግዳው ጋዜጣ ፊት ቆመው ለሚያነቡት ግን ልንገራቸው። የመጋዘኑ የጭነት መኪናዎች መካኒክ ነው። ከትናንት ከሰዓት ጀምሮ በጥበቃው ክፍል ተቆልፎበታል። ስሙም ከሌሎች ሁለት ስሞች ጋር ነገ ቅዳሜ ወደ በላይ ይተላለፋል ተብሏል። ስማቸው ወደ በላይ ከተላለፈ ሰዎች መካከል ሲመለስ ያየሁት የለም፤ ምናልባት በዚያ ተመችቷቸው ይሆናል።

እርስዎ ባለፈው ወር በዚሁ ሰሌዳ ላይ «ማንኛውም ሠራተኛ ሂሱን በጽሑፍ፣ ያለ ፍርሃት ያቅርብ» የሚል ማስታወቂያ አስለጥፈዋል። መመሪያውን አክብሬ ሂሴን በጽሑፍ አቅርቤአለሁ። «ያለ ፍርሃት» የሚለውን ብቻ ለመፈጸም ስላልቻልሁ ይቅርታዎን እለምናለሁ። ይህ ሦስተኛው ወረቀት ነው፤ የፊተኞቹን ሁለቱን በደጃችን መኪና ባለፈ ቁጥር ቀድጃቸዋለሁ።

አንደኛ። በቅድሚያ ምስጋና ይገባዎታል። በአዲስ አበባ የሁለት ሳምንት ሰሚናር ተካፍለው ሲመለሱ፣ እኛ ሳሙናና የመኪና ጎማ ስንጠብቅ፣ እርስዎ ሥነ ልቡና ይዘውልን መጡ። ሠራተኛው አንድ በአንድ ገብቶ ከጠረጴዛዎ ፊት ይቀመጣል፤ ቀኝ መዳፉን በቀለም መምጠጫ ወረቀት ላይ ይጫናል፤ እርስዎም «ከአብዮቱ የምትደብቀው ነገር አለ?» ብለው ይጠይቁታል። ከዚያ ጓድ ዓለሙ እርጥቡን ቦታ በእርሳስ ይከብና በማስመሪያ ይለካዋል። ከስድስት ሳንቲሜትር በታች የሆነው ወዳጅ፣ ከስድስት በላይ የሆነው ጠላት ነው። ባለቤቴ ዘጠኝ ሳንቲሜትር ወጣ። ከመኪና ሆድ ሥር ተጠርቶ ስለ መጣ ግራሶውም አብሮ ታተመ፤ እርስዎም ወረቀቱን ወደ መስኮቱ ከፍ አድርገው «ጓዶች፣ ጥቁረቱን ልብ በሉ፤ ውስጡን እያያችሁ ነው» አሉ። ጓድ ዓለሙ ይህን እንድጽፈው አዘዘኝ። ጽፌዋለሁ፤ በገጽ ሦስት ላይ ይገኛል።

በሐምሌ ወር በአዲስ አበባ ዝናቡ ሲወርድ፣ የሰው መዳፍ ያለ ምክንያት አይረጥብ ይሆናል፤ አስተማሪዎችዎ እዚያ ሆነው ያስተማሩዎት ትክክል ሊሆን ይችላል። እዚህ ግን በሐምሌ ወር ግድግዳውም ያልበዋል። ቬንቲላቶሩ ደግሞ ቀኑን ሙሉ ፊቱን ወደ እርስዎ እንዳደረገ ስለ ዋለ፣ ይህ ወሬ እርስዎ ዘንድ ባይደርስ አይፈረድብዎትም።

ሁለተኛ። ይህን የምለው እኔ ማን ሆኜ ነው? ትምህርቴ እስከ ስድስተኛ ክፍል ነው፤ ከዚያ ወዲህ የተማርሁት ከለውዝ መጠቅለያ ነው። ከዚህ ተዛውሮ የሄደ አንድ መምህር፣ ከመምህራን ማሠልጠኛ ያመጣውን በስቴንስል የተባዛ የሥነ ልቡና ማስታወሻ ጥሎት ሄዶ ነበርና፣ በወደቡ በር ለውዝ የምትሸጠው ላቀች ገጽ በገጽ እየቀደደች ትጠቀልልበት ነበር። በመጀመሪያ ያገኘሁት ገጽ 17ን ነው። ከዚያ በኋላ ገጽ 18ን ፍለጋ በየቀኑ ለውዝ ገዛሁ። ላቀችም በሰው ፊት «አንቺ ሴትዮ፣ ለውዙን ትተሽ ወረቀቱን ነው እንዴ የምትበዪው?» እያለች ስትስቅብኝ ከረመች፤ በኋላ ግን አዝናልኝ የተረፈውን ጥራዝ በአንድ ኩባያ ስኳር ሰጠችኝ። አሁን ከገጽ 11 እስከ 38 አለኝ፤ ከ20 እስከ 23 ያሉትን የወደብ ሰዎች ለውዛቸውን በልተው ጥለዋቸዋል። ስለዚህ ዕውቀቴ በመካከሉ አራት ገጽ ቀዳዳ እንዳለበት በትሕትና አሳውቃለሁ።

ያለኝ ገጽ እንዲህ ይላል፦ ሥነ ልቡና የሰውን አሳብ፣ ስሜትና ጠባይ የሚያጠና ዕውቀት ነው፤ የሚያጠናውም በመገመት ሳይሆን በመመልከት፣ በመቁጠርና በማወዳደር ነው። አንድ ነገር የሌላው ምክንያት ነው ከማለቱ በፊት፣ ሌላ ምክንያት ሊኖር እንደሚችል ይጠይቃል። እኔ ይህን ሳነብ ትልቅ ነገር አልመሰለኝም ነበር፤ ላቀችም ብትሆን ለውዙ የመረረው ከዘይቱ ይሁን ከእሳቱ ለማወቅ ትሞክራለች። ትልቅ ነገር መሆኑን ያወቅሁት ትናንት ነው።

ሦስተኛ። ቃለ ጉባኤ ስይዝ ሰው ሲገባ ሰዓቱን ከስሙ አጠገብ የመጻፍ ልማድ አለኝ፤ ማንም አላዘዘኝም፣ ማንም አልከለከለኝም። ትናንት ማታ ስሞቹን በፊደል ተራ መደርደሩን ትቼ በሰዓቱ ደረደርኋቸው። በአንድ ሰዓት፣ ፀሐይ ገና ጣሪያውን ሳትነካ፣ የገቡት ሁለት ሳንቲሜትርና ሦስት ናቸው። በሦስት ሰዓት የገቡት አራት ገደማ። በአምስት ሰዓት የገቡት አምስት። አሥራ ስድስቱ ሠራተኞች ከምሳ በፊት አለቁ፤ ሁሉም ወዳጆች ሆኑ። ከምሳ በኋላ በስምንት ሰዓት የቀሩት ሦስት ብቻ ነበሩ፦ ከመኪና ሥር የመጣው አሥራት፣ እጇን ከመወልወያ ባልዲ አውጥታ የመጣችው ጽዳት ሠራተኛዋ አሰጋሽና ተሸካሚው ይመር። ነገ ወደ በላይ የሚተላለፉት ሦስቱ ስሞች እነዚሁ ናቸው። አብዮቱ ጠላቶቹን የሚያገኘው ከምሳ በኋላ ብቻ መሆኑን ሳይንሱ ስላረጋገጠልን እናመሰግናለን።

አራተኛ። ይመርን ብቻውን ልጥቀሰው። ይመር ሠላሳ ዓመት የጨው ጆንያ የተሸከመ ሰው ነው፤ መዳፉ እንደ ጫማ ሶል ደርቋል። በስምንት ሰዓት ተኩል፣ እኛ ሁላችን እንደ ሻማ ስንቀልጥ፣ የእርሱ ወረቀት ደረቅ ወጣ። እኔ በዚህ ጊዜ ደስ አለኝ፤ በእርስዎ መለኪያ ከሁላችን የበለጠ ንጹሕ ሰው ተገኘ ብዬ ነበር። እርስዎ ግን ወረቀቱን አገላብጠው ካዩ በኋላ «ይኼ ላቡን እንኳ የሚቆጣጠር፣ የሠለጠነ ነው» ብለው ከሁለቱ በላይ አስጻፉት። ይመርም ከወንበሩ ተነሥቶ «ጌታዬ፣ እንዳልብ ያድርጉኝና ልምጣ?» አለ። ማንም አልሳቀም። እርሱም ለመቀለድ ብሎ አልነበረም።

እዚህ ላይ የጎደሉኝን አራት ገጾች አብዝቼ ፈለግኋቸው፤ ስለ አጣኋቸው ራሴ ማሰብ ግድ ሆነብኝ። ያሰብሁት ይህን ነው። ዕውቀት የሚባለው ነገር «ይህ ቢሆን ተሳስቻለሁ» የሚልበት ቦታ ይተዋል። ቢረጥብ ጠላት፣ ቢደርቅ የባሰ ጠላት የሚል መለኪያ ግን የሚሳሳትበት በር የለውም፤ የሚሳሳትበት በር የሌለው ደግሞ ተመርማሪውም የሚወጣበት በር የለውም። የሳይንስን ልብስ ቢለብስ፣ ማስመሪያና እርሳስ ቢይዝ፣ ሳንቲሜትር ቢቆጥር፣ ያው ጨሌ በትኖ የሰው ዕድል ከሚናገረው ሰው ሥራ አይለይም። ጨሌ በታኙ የሚሻለው፣ ደንበኛውን ወደ ቤቱ የሚሰድደው በመሆኑ ነው።

አምስተኛ። እውነቱን ላለመሸሸግ፣ በገጽ 31 ላይ ሰው ሲደነግጥ መዳፉ እንደሚያልበው ተጽፏል፤ ሊቃውንት በመሣሪያ እንደሚለኩትም ይናገራል። ስለዚህ ሰሚናሩ ሙሉ በሙሉ ከሜዳ ያመጣው ነገር አይደለም። ነገር ግን ያው ገጽ ቀጥሎ፣ ላቡ የሚያሳየው ሰውየው መደንገጡን እንጂ ምን እንዳስደነገጠው አይደለም ይላል። ወንጀለኛ ይፈራል፤ ንጹሕ ሰውም ወንጀለኛ ነህ እንዳይባል ይፈራል። ሁለቱን ፍርሃቶች በወረቀት ላይ ቢያስቀምጧቸው አንድ ዓይነት ክብ ይሠራሉ። በሌላ ቋንቋ፣ እርስዎ የለኩት እኛ እርስዎን ምን ያህል እንደምንፈራዎ ነው። በዚህ በኩል ምርመራዎ እጅግ የተሳካ ነበር፤ እንኳን ደስ አለዎ።

ስድስተኛው ነጥብ በእርስዎ ላይ የቀረበ አይደለም። ሂስ ያለ ግለ ሂስ ጎዶሎ መሆኑን እርስዎ ስላስተማሩን፣ የራሴን እጨምራለሁ። በጥር 1970 በዚሁ ክፍል የሚዛን ሠራተኛው ወልደየሱስ «ዓይኑ ይቅበዘበዛል፤ የሚደብቀው ነገር አለ» ተባለ። ዓይን ማንበብም ያን ጊዜ ሳይንስ ነበር። የወልደየሱስ ግራ ዓይን ከልጅነቱ ጀምሮ የታመመ መሆኑን አውቅ ነበር፤ ሚስቱ ታደለች ጎረቤቴ ናት። እጄን አላነሣሁም። ቃለ ጉባኤውም ሆነ የስም ዝርዝሩ ያለ ጸሐፊዋ ፊርማ ወደ በላይ እንደማያልፍም አውቅ ነበር። ፈረምሁ። ታደለች እስከ ዛሬ በገበያ ስታገኘኝ «እቴቴ፣ ደኅና ነሽ?» ትለኛለች፤ እኔም ደኅና ነኝ እላታለሁ። የዚያን ጊዜ ሰበቤ ገጽ 17ን ገና አለማግኘቴ ነበር እንዳልል፣ የታመመ ዓይንን ከክፉ ልብ ለመለየት መጽሐፍ አያስፈልግም ነበር።

ስለዚህ የምለምንዎ ጥቂት ነው። ነገ በጠዋት ሦስቱን ሰዎች በአንድ ሰዓት ያስጠሩልኝ፤ አሥራ ስድስቱን ወዳጆች ደግሞ በስምንት ሰዓት ያስጠሩ። እርስዎና ጓድ ዓለሙም ቬንቲላቶሩን አጥፍታችሁ መዳፋችሁን በዚያው ወረቀት ላይ ጫኑ። እኔ በደስታ እመዘግባለሁ። ውጤቱ እኔን ካሳፈረኝ፣ የአሥራትን ስም ለመተው ምክንያት የለዎትም፤ የእኔንም ከጎኑ መጻፍ ይችላሉ፤ አጻጻፉን ያውቁታል።

ጊዜዎን ስለ ወሰድሁብዎ፣ ከሴትና ከለውዝ መጠቅለያ ምክር እንዲሰሙ ስለ ደፈርሁብዎ፣ ልባችንን ለማየት ስለ ደከሙልን ሁሉ ዝቅ ብዬ እጅ እነሣለሁ። ከአብዮታዊ ሰላምታና ልደብቀው ካልቻልሁት ፍርሃት ጋር፣ ለረጅም ዕድሜዎና ለቀዝቃዛ አየር እየተመኘሁ፣

የእርስዎ ታዛዥ፣ እስከ ዛሬ ሁሉን የፈረመችው
እቴናት ብዙነህ
የመዝገብ ቤት ሠራተኛና ቃለ ጉባኤ ያዥ

ድኅረ ጽሑፍ። ቅዳሜ ሐምሌ 12 ቀን፣ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ከሃያ፤ ነፋስ የለም። ልመናዬን በቃል ላቀርብልዎ መጥቼ ስላጣሁዎ፣ የሠራሁትን እንዳለ አስመዘግባለሁ፤ በኋላ ሌላ ሰው ሲነግርዎ እንዳይዛባ።

በአሥራ ሁለት ሰዓት ተነሣሁ። ለአሥራት ዳቦና ሻይ ይዤ ወደ ጥበቃው ክፍል ሄድሁ። ዘበኛው በቀለ «እቴቴ፣ ዳቦውን ልቀበልሽ፤ አንድ ቃል እንዳትናገሪው ግን፣ እኔም ልጆች አሉኝ» ብሎ ተቀበለኝ። አሥራት ከውስጥ ሁለት ጊዜ ሳለ። መምጣቴን አውቆ የሳለ መሰለኝ፤ ይህ ግን ግምቴ ነው። በአንድ ሰዓት ተኩል ቢሮ ገባሁ። የሚተላለፈው ዝርዝር በሦስት ቅጂ ተዘጋጅቶ ተቀምጧል፤ የእርስዎና የጓድ ዓለሙ ፊርማ አለበት፤ የእኔ ቦታ ባዶ ነው። ሁለት ጊዜ አነበብሁት። ተቀመጥሁ። ብዕሩ ከእጄ ሾልኮ ወደቀ፤ አነሣሁትና እጄን በነጠላዬ ጠርጌ ያዝሁት። ፊርማዬ በሚገባበት ቦታ፣ በመጀመሪያው፣ ከዚያ በሁለተኛው፣ ከዚያ በሦስተኛው ቅጂ ላይ እንዲህ ብዬ ጻፍሁ፦ «በቦታው ነበርሁ። ያየሁት ላብ ነው፤ ሌላ ነገር አላየሁም።» ቀለሙ እስኪደርቅ ጠበቅሁ። ሦስቱንም ወረቀቶች በጠረጴዛዎ ላይ፣ ጽሑፉን ወደ ወንበርዎ አዙሬ አስቀመጥኋቸው።