የአባቴ ኮት በአራት ሰው ላይ

ሰኞ ጥቅምት 3፣ ከቀኑ 11 ሰዓት

ዛሬም ቡና ስጭን ዋልኩ። ትከሻዬ የለም። ግን ስማ ደብተሬ፦ ከዲላ ጫኝና አውራጅ ሁሉ ሙዚየም የገባ እኔ ብቻ ነኝ። በስልክ! የማታ ት/ቤት አስተማሪያችን መ/ርት አልማዝ ከፈተችልኝ። የውጭ አገር ነው፣ ያለው የሰው ፊት ብቻ። ከኔ የሚያምር አላየሁም። ከሥሩ ያለውን ጽሑፍ ስልኩ ወደ አማርኛ ይመልሰዋል፣ እኔ አነባለሁ። እኔ!

የምፈልገው አባቴን ነው፤ ፊቱን ሳላውቅ የሞተውን። ዱመርሶ በምትባል ሰፈር ቡና ማጠቢያ ሲሠራ ፈረንጅ አንስቶታል፤ ፎቶዎቹ እዚህ ሙዚየም ናቸው ትላለች መ/ርቷ። ሌላ ፎቶ የለውም። የእማዬ ዓይን እየጠፋ ነው፤ ሐኪሙ አይመለስም ብሏል። ሳይጨልምብሽ ፊቱን አሳይሻለሁ ብዬ ፎክሬያለሁ። ምልክቱ፣ እማዬ እንደነገረችኝ፦ ግራ ኪሱ የተቀደደ ኮት።

ረቡዕ ጥቅ. 5

አገኘሁት! መ/ርቷ «ዱመርሶ» ብላ ጻፈች፣ መጣ። ኮቱ፣ የተቀደደው ኪስ። «ስሙ ያልታወቀ ሠራተኛ» ይላል። እንዴት አይታወቅም፣ የኔ አባት! ለጫኞቹ አሳየሁ፣ አፍንጫው የኔ ነው አልኩ። አንዱ «ምስኪን፣ ምን በድሎ ነው ያንተን አፍንጫ የተሸከመው» አለ። ሳቁብኝ። ይሳቁ።

ሐሙስ ጥቅ. 6

እማዬ ስልኩን ዓይኗ ሥር አስጠጋች። ይሄማ ጎረቤታችን ዋቆ ነው አለች። ቀጣዩን ከፈትኩ፤ ሌላ ሰው፣ ያው ኮት። ሦስተኛው፣ ያው ኮት። አራተኛውም። በሰፈሩ ኮት የነበረው አባትህ ብቻ ነው አለች። ለፎቶ ሁሉም ተዋሱት።

አራተኛው ፎቶ ዳር ላይ እጅ አለ። የሸሚዝ እጅጌ፣ የተቆለመመ አውራ ጣት። የቡና መፈልፈያ ማሽን ይዞ ያጣመመው ጣት። እማዬ እሱ ነው አለች። ኮቱን ሊቀበል የቆመ ይመስላል። ያኔ ቤት ሲመጣ ግን «ፈረንጁ እኔን ብቻ አሥር ጊዜ አነሳኝ» ብሏት ነበር። ጉራ በዘር ነው ለካ አልኳት። አልሳቀችም። ፊቱስ? አለች።

ማክሰኞ ጥቅ. 11

ያለውን ሁሉ አየሁ። አባቴ የለም።

ዛሬ ቀሚሷን ገልብጣ ለበሰች። ሌላ አላገኘህም ወይ አለች። ዋቆን ከፈትኩ። አሁን አትለይም፤ ይኸው ብላት ታምናለች። ጢም አለው? አለች። ምላሴ፣ ያ ሁሉ ጉራ የሚወጣበት፣ ለውሸት እምቢ አለ። የለም እማዬ አልኩ። ፎቶው ራሱ የለም።

ደግ አደረግህ እንኳ አላለችም።

ከፎቶዎቹ ሥር፣ የምታውቁት ካለ ጻፉልን የሚል ቦታ አለ። ነገ እጽፋለሁ። የአራቱን ስም እማዬ ትነግረኛለች። ከዚያ፦ ኮቱ የአባቴ የጂግሶ ነው። ዳር ያለው እጅም የሱ ነው። ፊቱን ግን የምታውቀው እማዬ ብቻ ናት፤ እንደነገረችኝ እጽፋለሁ።