የሐጂ ሙሳ ፍላሽ ባዶ አልነበረም

ማክሰኞ
ያ የተረገመ የሱቄ ኮምፒውተር! ዛሬ አንድ አስተማሪ ፈተና ላትምለት ፍላሹን ሰጠኝ፤ ስከፍተው ባዶ። «ጠዋት ቤቴ ከፍቼዋለሁ እኮ!» ብሎ ሙጭጭ አለ። «ቪው» የሚለው ማውጫ ውስጥ ገብቼ የተደበቁትን የሚያሳየው ሳጥን ላይ ምልክት አደረግኩ። ፎልደሮቹ ደብዘዝ ብለው ብቅ አሉ። ለካ ሲደብቃቸው የከረመው የእኔው ኮምፒውተር ቫይረስ ነው። አስተማሪው ደስ ብሎት ሄደ፤ እኔ ግን ሌላ ባዶ የመሰለ ፍላሽ ትዝ አለኝ።

ባለፈው ሳምንት የሂርናውን ጫት ነጋዴ፣ ሐጂ ሙሳን፣ «ባዶ ነው» ብዬ ሸኝቻቸዋለሁ። ፍላሹ ላይ የነበረው ባለቤታቸው ከመሞታቸው በፊት ለቤተሰቡ የቀዱት ድምፅ ነው። አፌ ደግሞ ለከት የለውም፤ «ቤት ውስጥ የሚነካካው ሰው አለ?» አልኳቸው። «ልጄ ነጃት መንዙማ ትጭንበታለች» አሉ። «እንግዲያው እሷ ሰርዛዋለች» አልኳቸው። ሥራ በዝቶብኝ ነበር። ሰበብ!

ረቡዕ
ስልካቸው አይነሳም። ከሂርና የመጣ የሚኒባስ ረዳት ጠየቅኩ። «ሐጂ? ከልጃቸው ጋር ተኳርፈዋል። የእናቷን ድምፅ አጥፍታ ነው አሉ።» አገር ሰምቷል ማለት ነው።

ፎርማት አስደርገው፣ ጭራሽ አስጠርገውት ቢሆንስ? እዚህ አገር ባዶ የመሰለ ፍላሽ ሁሉ መድኃኒቱ ፎርማት ነው። የስንቱን አድርጌያለሁ! የእሳቸውን የተውኩት መብራት ስለጠፋ እንጂ በጥበቤ አይደለም።

ዝም ብልስ? ማንም አያውቅም። ይህን ማሰቤ ራሱ አሳፈረኝ።

ሐሙስ
የወንድሜን ላፕቶፕ ይዤ ሂርና ሄድኩ። ሐጂን ደጃቸው ላይ አገኘኋቸው። «ነጃት አልሰረዘችውም፤ የደበቀው የእኔ ኮምፒውተር ነው» አልኳቸው። በሩን ከፍተው ነጃት ወዳለችበት አስገቡኝ።

ፍላሹን በንዴት ጥለውት ኖሯል። አንስታ መሀረብ ውስጥ ቋጥራ ያስቀመጠችው ነጃት ናት። ላፕቶፑ ላይ ሰካሁት። ባዶ። ምልክቱን አደረግኩ። አንድ ደብዛዛ ፎልደር መጣ፤ ከፈትኩት።

«ኢንተለ ኮ፣ ልጄ፣ አባትሽ መድኃኒቱን እንዳይረሳ አደራ...» አለ የሴት ድምፅ።

ሐጂ ግድግዳ ተደግፈው ተቀመጡ። «አፉ በይኝ ልጄ፣ ይቅር በይኝ» አሏት። ነጃት ወደ እኔ ዞረች። «ሰርዛዋለች ያልሽው አንቺ ነሽ?»

«አዎ» አልኩ።

«ድምፁን ድገሚው» አለችኝ። ደገምኩላት። ይቅር ትበለኝ አትበለኝ አላውቅም፤ ግን መጥታ ከአባቷ ጎን ተቀመጠች።