በወይራው ጉማጅ ፋንታ

ውድ ወንድሜ ክንዱ፣

እንደ ልማድህ መጀመሪያ «በልተሃል?» ብለህ ጠይቀኝ። አልበላሁም። ቀጥለህ ደግሞ «ጉማጁን ከትተሃል?» በለኝ። ያን ቀን ዋሽቼሃለሁ፤ ዛሬ እውነቱን ልመልስልህ።

ሰው ሁሉ «ክሪኩ ከዳው» ይላል። ጓደኛህ ተክለ ጊዮርጊስ በፒካፑ ስለጎተተን ራሱን ይረግማል። እማዬ «ቀኑ ደርሶ ነው» ትላለች። ክሪኩ አልከዳህም፣ ክንዱ። የከዳሁህ እኔ ነኝ።

ያን ጠዋት ሞተሯ የተበላሸባትን ጀልባህን ጎርጎራ ላለው መካኒክ ልንወስዳት ተሳቢው ላይ ስንጭን፣ እማሆይ ወለተ ኪዳን ከገዳም በታንኳ ደረሱ። ጉልበታቸው አልታዘዝ ብሎ ወደ ዳር መውጣት ሲያቅታቸው፣ ያን ተሳቢውን የምታስደግፍበትን የወይራ ጉማጅህን መርገጫ አደረግሁላቸው። «እግርህን እንቅፋት አይምታው ልጄ» ብለው መረቁኝ። ምርቃቱን ይዤ ጉማጁን እዚያው ረሳሁት።

ስንነሣ «ፕሮፌሰር፣ ጉማጁን ከትተሃል?» አልኸኝ።

«ከትቻለሁ» አልሁህ፣ ዞር ብዬ እንኳ ሳላይ።

«ጭንቅላትህንስ?»

ተክለ ጊዮርጊስ መሪውን ይዞ እንባው እስኪወርድ ሳቀ። አንተም ሳቅህ። እኔ ግን አፍሬ ነበር።

ሐሙሲት ልንገባ ጥቂት ሲቀረን የተሳቢው የግራ ጎማ ይጮህ ጀመር። ጎማው የሚዞርበት ኩሽኔታ ግሎ እጅ አያስነካም። አንተ ምንም አላጎደልህም። ደልዳላ መሬት እስክናገኝ ቀስ ብለን ሄድን። ተሳቢውን ከፒካፑ አልፈታኸውም። በቀኙ ጎማ ፊትና ኋላ ታኮ አስደረግኸኝ። ብሎኖቹን ጎማው መሬት ሳይለቅ አላላሃቸው፤ ክሪኩን በጣውላ ላይ አቁመህ ተሳቢውን አነሣህ። ለመቶኛ ጊዜ «ክሪክ ለማንሣት ነው እንጂ ከሥሩ ለመተኛት አይደለም» አልኸኝና «ጉማጁን ከተሳቢው ብረት ሥር አስገባው» አልህ።

ፒካፑ ላይ ወጥቼ ፈለግሁ። የለም። የእማሆይ እግር ትዝ ያለኝ ያኔ ነው። «ረሳሁት» ማለት አንዲት ቃል ነበረች። ሳቃችሁ ግን ገና ከጆሮዬ አልወጣም ነበር። ከመንገዱ ዳር ጥቁር ድንጋይ አንሥቼ በኋላ በኩል አስገባሁ። ድንጋይ ሸክም ሲበዛበት ይሰነጠቃል ብለህ አስተምረኸኛል። አውቅ ነበር፣ ክንዱ፤ አውቅ ነበር።

«ገባ?» አልኸኝ ከጎማው በኩል።

«ገባ።»

ጎንበስ ብለህ አላየህም፤ አመንኸኝ። ክሪኩን ዝቅ አድርገህ ክብደቱን አሳረፍህበት። ጎማውን አውጥተህ ከኋላው ያለውን ግራሶ ልትጠርግ ትከሻህን ከሥሩ አስገባህ። አውቶቡስ አለፈ፤ መሬቱ ተንቀጠቀጠ። መጀመሪያ የሰማሁት ድንጋዩ ሲሰነጠቅ ነው።

ተሳቢውን ከላይህ ሊያነሡ የተሯሯጡት ሰዎች ስባሪውን ረግጠው በተኑት። ማንም አልጠየቀኝም። ማንም እንዳይጠይቀኝም ጸለይሁ።

ትናንት ለቀስተኛው ተበተነ፤ አክስታችን እማዬን ወደ ዱርቤቴ ወሰደቻት። ዛሬ ጠዋት ካለ አንተ፣ ካለ እማዬ ነቃሁ። ዩኒፎርሜን ለበስሁ፤ ትምህርት ቤት ግን አልሄድሁም። ወደ ሐይቁ ዳር ወረድሁ። ጉማጅህ እዚያው ነበር፤ ሰው ከታንኳ እየወረደ ይረግጠዋል። ተሸክሜው፣ መንገድ ዳር የቀረውን ተሳቢ ሊያነሣ ወደሚሄደው ተክለ ጊዮርጊስ ሄድሁ።

ጉማጁን አየና «ይህ ያን ቀን ከእኛ ጋር አልነበረም እንዴ?» አለኝ።

«አልነበረም።»

ጉማጁን ከእጄ ተቀብሎ ፒካፑ ላይ ጫነው። ከዚያ መኪናውን አስነሣ።

ሐሙሲት ስንደርስ እሱ ተሳቢውን ከፒካፑ ጋር አሰረ። እኔ ታኮ አደረግሁ፤ ክሪኩን በጣውላ ላይ አቁሜ አነሣሁ፤ ጉማጁን አስገብቼ ክብደቱን ቀስ ብዬ አሳረፍሁበት። ያዘ። በሁለት እጄ ገፋሁት፤ አልተነቃነቀም። አውቶቡስ አለፈ፤ አልተነቃነቀም።

እማዬ ደወለች።

«የት ነህ ልጄ?»

«ሐሙሲት፣ መንገዱ ላይ።»

«ምን ልታደርግ?»

ነገርኋት። ከእማሆይ ጀምሬ እስከ ድንጋዩ፣ ምንም ሳላስቀር። አልጮኸችም። አልረገመችኝም። ስልኩንም አልዘጋችው። ስልኩን ከጆሮዬ ሳላወርድ፣ ትንፋሿን እየሰማሁ፣ ከጉማጅህ አጠገብ መሬቱ ላይ ተቀመጥሁ።

«ገባ» ብሎ የዋሸህ ወንድምህ፣
ኪሩቤል